ነጯ ኳስ የት ቆመች?

ፑል የሚባለውን ጨዋታ በመጀመሪያ ያወቅሁት በእናቴ ቁጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ እኔ ትዞርና፣ «ሂድና ከዚያ ከዱርዬ ቤት ጎትተህ አምጣው» ትለኝ ነበር። የዱርዬ ቤት የተባለው በሰፈራችን ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለ አንድ ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ አረንጓዴ ጨርቁ በብዙ ቦታ የተጣፈ አንድ የፑል ጠረጴዛ ነበረበት። እኔ በዚያን ጊዜ ግጥም መጻፍ የጀመርኩና ራሴን ከፍ አድርጌ የምመለከት ተማሪ ስለ ነበርኩ፣ በበሩ ላይ ቆሜ ስሙን ከመጥራት በቀር ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገባም ነበር። ወንድሜ ግን ሲወጣ ሁልጊዜ አንድ ቃል እያጉረመረመ ነው የሚወጣው። «እኔ አይደለሁም የሳትኩት፤ ነጯ ክፉ ቦታ ቆማብኝ ነው» ይላል። ይህን ቃል የሰነፍ ማመካኛ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከሀገሬ ርቄ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ክርክር መካከል ተቀምጬ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ወንድሜን ለመጠየቅ ወደ ለንደን ሄጄ ነበር። በዚያ ከተማ የአውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። በደረስኩ በሳምንቱ ሁለት የመግቢያ ወረቀቶች አሳየኝና፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ የምትወደውን ቴያትር ስታሳየኝ ነው ያደግሁት፤ አሁን ደግሞ እኔ የምወደውን ላሳይህ» አለኝ። እምቢ ለማለት አልቻልኩም።

የሄድነው በሰሜን ለንደን በኮረብታ ላይ ወደ ተሠራው ወደ አሌግዛንድራ ፓላስ ነበር። ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1873 ለሕዝብ መዝናኛ ተብሎ ተከፍቶ በ16 ቀኑ በእሳት ጋየ፤ በ1875 እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን መደበኛ ስርጭቱን በ1936 የጀመረውም ከዚሁ ቦታ ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በሕንፃው ውስጥ ከ80 ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየ አንድ ጥንታዊ የቴያትር አዳራሽ በዚያው ሳምንት መባቻ ለሕዝብ ተመልሶ መከፈቱ ነበር። ወንድሜ በሳቅ፣ «አንተ ወደዚያ እንዳታመልጥ» እያለ ክንዴን ይዞ ወደ ትልቁ አዳራሽ አስገባኝ።

በዚያ ከኅዳር 25 እስከ 28 ቀን ይካሄድ የነበረው የሞስኮኒ ዋንጫ የሚባለው ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ በሮምፎርድ ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ በዘጠኝ ኳስ ፑል የሚፋለሙበት ነው። በዚያ ዓመት እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችና አንድ መሪ ነበሩት። ግጥሚያዎቹ በተናጠል፣ በጥንድና በቡድን ይደረጋሉ፤ አምስት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ 11 ነጥብ ቀድሞ የሞላው ቡድን ዋንጫውን ይወስዳል።

ዋንጫው ስሙን ያገኘው ከዊሊ ሞስኮኒ ነው። ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1913 በፊላዴልፊያ ተወልዶ በ1993 ያረፈ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ከ1941 እስከ 1957 ባለው ጊዜ የዓለምን ሻምፒዮናነት 15 ጊዜ ወስዷል። አባቱ የፑል ቤት ነበራቸው፤ ነገር ግን ልጃቸው በዚህ ጨዋታ እንዳይጠመድ ስለ ከለከሉት፣ ትንንሽ ድንች በመጥረጊያ እንጨት እየመታ ይለማመድ እንደ ነበር ይተረካል። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እናታችንን አስታወስኳት። ሞስኮኒ በ1954 በኦሃዮ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ባሳየው ትርዒት 526 ኳሶችን ሳይስት በተከታታይ አስገብቷል፤ ይህም ቁጥር ከ60 ዓመት በላይ እንደ ምልክት ሲጠቀስ ኖሯል። ቢሆንም 527ኛዋ ኳስ አልገባችም። በዚህ ጨዋታ የማይስት እጅ አልተፈጠረም፤ እጅግ የታላቁ ሰው ዝና እንኳ የተለካው እስከ ሳተባት ኳስ ድረስ ባለው ርቀት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዘጠኙ ኳሶች ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው። ተጫዋቹ ነጯን ኳስ በዘንግ መትቶ በጠረጴዛው ላይ ካሉት መካከል ትንሹን ቁጥር በመጀመሪያ እንድትነካ ማድረግ አለበት፤ ዘጠኝ ቁጥርን በደንቡ ያስገባ ዙሩን ያሸንፋል። የጥጉ ቀዳዳ ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን ተያይዘው የማያልፉበት ጠባብ ነው። እንግዳ ሰው ሲያይ ጨዋታው ኳስን ወደ ቀዳዳ ማስገባት ይመስለዋል። በዚያ አዳራሽ የተሰበሰቡት ግን ኳስ ማስገባትን በዚህ ደረጃ ያለ ሁሉ የሚችለው ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። ዓይናቸውን የማይነቅሉት ከነጯ ኳስ ላይ ነው። እርስዋ ሦስት ቁጥርን ገፍታ ካስገባች በኋላ የት ሄዳ ትቆማለች? ለአራት ቁጥር በሚመች ቦታ? ከዚያስ ወደ አምስት የምታደርስ መንገድ አላት? መካከሏን ሲመቷት፣ ከበላይዋ ወይም ከበታችዋ ሲመቷት፣ ከኳስ ጋር ተጋጭታ የምትሄድበት መንገድ የተለያየ ነው። ስለዚህ አንድ ምት ሁለት ሥራ አለው፤ የፊቱን ይፈጽማል፤ የሚመጣውን ያዘጋጃል።

የጥንድ ግጥሚያ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነው። ሁለቱ ጓዶች አንድ አንድ ምት ተራ በተራ ይመታሉ። አንዱ ሰባት ቁጥርን ካስገባ ስምንት ቁጥርን የሚመታው ጓደኛው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የተወውን ሁለተኛው ይወርሳል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ምት የሚፈቀደው ጊዜ 30 ሰኮንድ ብቻ ነው።

ከፊታችን የተቀመጡት አንድ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ አናጢ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው ቀጥላ ደብተር በጉልበትዋ ላይ የዘረጋች ወጣት ሴት ነበረች። ወንድሜ ሁለቱንም ከዚህ ቀደም በነበሩ ውድድሮች ያውቃቸዋል። አዳራሹ በመዝሙርና በጩኸት ይናወጥ ነበር፤ የአውሮፓ ቲፎዞ ይበዛል። እኔ በቴያትር ቤት የለመድኩት ዝምታ በዚህ ቦታ የሚመጣው ተጫዋቹ ሲያጎነብስ ብቻ ነው፤ ዘንጉ ነጯን ሲነካ ደግሞ ጩኸቱ ተመልሶ ይፈነዳል።

በአንድ የጥንድ ግጥሚያ መጨረሻ ላይ የሆነው እንዲህ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ሦስት ኳሶች ቀርተዋል። ከጥንዶቹ የመጀመሪያው ሰባት ቁጥርን ከሩቅ፣ በሚያስደንቅ ኃይል መትቶ አስገባት። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ነጯ ኳስ ግን በተመታችበት ኃይል ግድግዳ ነክታ፣ ሌላ ግድግዳ ነክታ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተጣብቃ ቆመች። በጭብጨባው መካከል ይህን ያየ ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ ሁለተኛው ተጫዋች ተራው ደረሰ። ስምንት ቁጥር በሌላው ጫፍ ናት። ሰውየው ዞረ፤ አየ፤ ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚያሳውቀው ድምፅ ተሰማ፤ አጎነበሰና መታ። ስምንት ቁጥር የቀዳዳውን አፍ ነክታ ተመለሰች። ተቃራኒዎቹ ስምንትንና ዘጠኝን አስገብተው ነጥቡን ወሰዱ። አዳራሹ በአንድ አፍ አቃሰተ። ሰውየው ዘንጉን ተደግፎ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አየሁት።

ወዲያው ክርክሩ ተጀመረ። ከኋላችን ያሉት፣ «ፈራ! እጁ ተንቀጠቀጠ! እንዲህ ያለውን ኳስ ልጅ አይስተውም» እያሉ ይጮሁ ነበር። ደብተር የያዘችው ወጣት ዘወር ብላ፣ «ነጯ ኳስ የት ቆመች?» አለቻቸው። መልስ አልነበራቸውም። እርስዋ ግን በደብተርዋ ላይ የጠረጴዛውን ቅርጽ ሥላ የነጯን መንገድ በእርሳስ አስምራ ነበር። «የሳተው ስምንትን የመታው አይደለም። ሰባትን የመታው ነው። ሰባትን በግማሽ ኃይል ቢመታት ትገባለች፤ ነጯም መሐል ላይ ትቆማለች። እርሱ ግን ጭብጨባ ፈለገ» አለች። በሀገራችን የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ይባላል። በዚያ ምሽት ያየሁት የዚሁ ግልባጭ ነበር፤ የፈረሱን ጥፋት በበሬው ጫኑት።

በመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ ሌላ ደጋፊ ይህንንም አልተቀበለም። «እርሱም አይደለም» አለ። «ስምንት ቁጥር ክፉ ቦታ ላይ እያለች ሰውየው ለማስገባት መሞከሩ ነው ስሕተቱ። ነጯን ከዘጠኝ ቁጥር ጀርባ ደብቆ ለባላጋራ ባዶ ጠረጴዛ ማስረከብ ነበረበት።» አናጢው ደግሞ፣ «በ30 ሰኮንድ? እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ሻይ እየጠጣሁ ባስብ እንኳ ያን አላገኘውም» ብለው ሣቁ። ዳማ ሲጫወቱ ዙሪያውን ከብቦ የሚመለከተው ሰው ከተጫዋቹ ይልቅ ዐዋቂ እንደሚሆን ሁሉ፣ እዚህም ሁሉም ዐዋቂ ነበር። ነገር ግን እንደማንኛውም የቲፎዞ ጭቅጭቅ አልመሰለኝም። እያንዳንዱ ተናጋሪ ከተናገረው አንድ ምት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፤ ከስምንት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ስድስት።

ከዚያም ወደ ቡድኑ አወቃቀር ደረሱ። አናጢው ስለ ሼን ቫን ቦኒንግ አነሡ። ይህ አሜሪካዊ ከልደቱ ጀምሮ የመስማት ችግር ያለበትና የጆሮ መርጃ መሣሪያ የሚጠቀም ሲሆን፣ እስከዚያ ዓመት ድረስ የሀገሩን ታላቅ የዘጠኝ ኳስ ውድድር አምስት ጊዜ አሸንፎ ነበር። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሆኖም ከ2010 እስከ 2017 አሜሪካ ስምንት ዓመት በተከታታይ ስትሸነፍ በሁሉም ተሰልፎ ነበር። «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ አናጢው። «ከዓለም አንደኛ የሆነ እጅ ይዘህ ስምንት ዓመት ከተሸነፍክ ነገሩ የእጅ አይደለም።» ወጣቷም የአሜሪካን ቡድን መሪ አመለከተችን። ዮሃን ሮይሲንክ የተባለው ይህ ሰው ሆላንዳዊ ነው፤ ቀደም ሲል የአውሮፓን ቡድን እየመራ ብዙ ድል ካስገኘ በኋላ በ2017 የተሸናፊዎቹን ቡድን ተረከበ። በመጀመሪያው ዓመት ተሸነፈ። በሁለተኛው፣ እኛ ባየነው ውድድር፣ አሜሪካ 11 ለ 9 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ በ2019ም 11 ለ 8 ደገመችው። አንድ ቡድን መሪ እንዴት ማንን ከማን ጋር እንደሚያጣምር፣ ማንን አስቀድሞ ማንን እንደሚያቆይ፣ ከደጋፊዎቹ ክርክር ዋናው ይህ ነበር።

ወንድሜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ የተናገረው ግን እኔን ከተቀመጥኩበት የነቀነቀ ነገር ነው። «ሁለቱ ሰዎች እጃቸው አንድ ዓይነት አይደለም» አለ። «አንደኛው ከሩቅ በኃይል መምታት ይወዳል፤ ሌላው ከቅርብ በልስላሴ። ሰባትን የመታው ነጯን የተዋት ለራሱ እጅ በሚመች ቦታ ነው። ከዚያ ሆኖ ስምንትን የሚመታ እርሱ ቢሆን ኖሮ ያስገባት ነበር። የሚመታው ጓደኛው መሆኑን ረሳ።»

በእረፍቱ ሰዓት ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ሻዩን ሳልጠጣ ወደ ቴያትሩ በር ሄድኩ። አዳራሹ በዚያ ሰዓት ዝግ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ግን ስለ እንግሊዝ ቴያትር አልነበረም።

በ2003 ዓ.ም. ከጻፍኳቸው ተውኔቶች አንዱ በአንድ ቤተ ቴያትር ይታይ ነበር። አዘጋጁም እኔው ነበርኩ። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ለልጅዋ ረጅም ንግግር ታደርጋለች፤ በንግግርዋ መዝጊያ ላይ የሟቹን አባት ስም ትጠራለች፤ ልጁም ያን ስም ተቀብሎ በግጥም መልስ ይሰጣል። የተውኔቱ ምሥጢር ያለው በዚያ ግጥም ውስጥ ነው። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእናትየዋ ንግግር ረዝሞ ሰለቸኝና ከመጨረሻው አራት መሥመር ሰረዝኩ። ለተዋናይቱ በጽሑፍ ሰጠኋት። ለወጣቱ ግን በመተላለፊያው ላይ ልብሱን ሊለብስ ሲሮጥ አግኝቼው፣ «የእርስዋን ትንሽ አሳጥረነዋል፤ አንተ ተዘጋጅ» አልኩት። የአባቱ ስም ከተሰረዙት መሥመሮች ውስጥ እንደ ነበረ አልነገርኩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት እያወቅሁ ሌላውን በሩጫ አስታጠቅሁ።

ምሽት ላይ ተዋናይቱ ባዘዝኳት ቦታ ላይ ዝም አለች። ወጣቱ የአባቱን ስም ጠበቀ። አልመጣም። እርሱም ዝም አለ። በመድረክ ላይ ሃያ ሰኮንድ ምን ያህል እንደሚረዝም በዚያ የቆመ ያውቀዋል። ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ፤ ሣቁ ወደ ፊት ተዛመተ። ወጣቱ ደነገጠና ከግጥሙ መካከል ጀመረ፤ ምሥጢሩ ያለበት ክፍል ተዘለለ፤ ተመልካቹ የተውኔቱን መጨረሻ ሳይረዳ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የግምገማ ስብሰባ ነበር። ተነሥቼ፣ «ቃሉን ያልያዘ ተዋናይ ለመድረክም ለተመልካችም ክብር የለውም» አልኩ። ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ ጥሩ ተናጋሪ ነኝ። ተዋናይቱ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ወጣቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «የጠበቅሁት ቃል አልመጣልኝም» አለ። እኔም ማመካኛ ነው ብዬ አለፍኩት። ክፍሉ ለሌላ ተሰጠ። እርሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተ ቴያትሩን ተሰናብቶ ሄደ።

በዚያ በተዘጋ በር ፊት ቆሜ የሰማሁት የሁለት ልጆች ድምፅ ነበር። አንዱ ነጯ ክፉ ቦታ ቆማብኝ ነው ይላል፤ ሌላው የጠበቅሁት ቃል አልመጣልኝም ይላል። ሁለቱም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ለሁለቱም ጆሮ አልሰጠሁም። በዚያ አዳራሽ ገንዘባቸውን ከፍለው የገቡ፣ ለጨዋታ ሲሉ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ያደረጉትን ያህል እንኳ እኔ በግምገማ ስብሰባ ላይ አላደረግሁም። እነርሱ ከስምንት ወደ ሰባት ተመለሱ፤ እኔ ከሰባት ቁጥር መቺው ወገን ስለ ነበርኩ መመለስ አልፈለግሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊና አዘጋጅ የጥንድ ተጫዋች ነው። እኛ የምንመታው ከፊት ያለውን ኳስ ነው፤ ነጯን የምንተዋት ለሌላ ሰው እጅ ነው። ቃሉ ለእኔ አፍ ይመች ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ያምር ይሆናል። የሚናገረው ግን ተዋናዩ ነው፤ እርሱ የቆመበትን ቦታ፣ እርሱ ያለውን ትንፋሽ ካልቆጠርኩ ለራሴ ብቻ ጽፌአለሁ። መምህራንም ይህን ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። የሦስተኛ ክፍሉ አስተማሪ የተወውን የአራተኛ ክፍሉ ይወርሰዋል፤ በፈተና ቀን የሚወቀሰው ግን ተማሪው ነው።

በጥር ወር ወደ ሀገሬ ስመለስ ወጣቱን ፈለግሁት። ወጣት ማለቴ ከልማድ ነው እንጂ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ከአዲስ አበባ ውጪ በአንድ ከተማ አማርኛ ያስተምራል፤ የትምህርት ቤቱንም የቴያትር ክበብ ይመራል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። የሄድኩበትን ነገር ስለ ኳስና ስለ ነጯ እየተናገርኩ ብዙ ካዞርኩት በኋላ፣ «ስሙን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ አልነገርኩህም፤ ከዚያም ፈረድኩብህ» አልኩት።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ መምጣትዎ ደስ ብሎኛል» አለኝ። «መሥመሩን የሰረዙት እርስዎ መሆንዎን ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ተዋናይቱ ነግራኝ ነበር።»

«ታዲያ በስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎ እንዲናገሩ ጠብቄ ነዋ።»

የምመልሰው አጣሁ። እርሱ ግን ቀጠለ። «ደግሞ ስሕተቴን ሁሉን አይውሰዱብኝ። ስሙ ባይመጣም ግጥሙን ከመጀመሪያው መጀመር እችል ነበር። ለመጀመር የሚከለክለኝ አልነበረም። ቆሜ ጠበቅሁ። ያ የእኔ ነው። ስምንት ዓመት ይዤዋለሁ፤ ልጆቹንም የማስተምረው በእርሱ ነው። የጎዳኝ መውቀስዎ አይደለም፤ ከእኔ በፊት ምን እንደ ነበረ ሳይጠይቁ መውቀስዎ ነው።»

ይህን ሲለኝ የአናጢው የመጨረሻ ቃል ትዝ አለኝ። በዚያ ምሽት ሁሉም ተከራክሮ ሲደክም፣ ሽማግሌው ኮታቸውን እየለበሱ፣ «የሆነው ሆኖ ኳሷ መግባት የምትችል ነበረች» ብለው ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ጩኸት የተመለሱ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ትክክል መሆናቸው ገባኝ። ወደ ኋላ መቁጠር የመጨረሻውን እጅ ነጻ ለማውጣት አይደለም። ለእያንዳንዱ የድርሻውን ለመስጠት ነው። ጥፋቱን በሙሉ በወጣቱ ላይ በጫንኩ ጊዜ በደልኩት፤ ጥፋቱን በሙሉ ልወስድለት በሄድኩ ጊዜ ደግሞ እንደ ሙሉ ሰው ሳይሆን እንደሚታዘንለት ልጅ ቆጠርኩት።

ከመለያየታችን በፊት የክበቡን ልጆች ልምምድ አሳየኝ። አንድ ነገር አየሁ። ልጆቹ የራሳቸውን ቃል ከማጥናታቸው በፊት ከእነርሱ አስቀድሞ የሚናገረውን ልጅ የመጨረሻ መሥመር በቃላቸው እንዲይዙ ያደርጋል። ከዚያም ያን መሥመር ሆን ብሎ አንዳንዴ ያስቀረዋል። ልጁ ምን እንደሚያደርግ ይጠብቃል። በመጀመሪያ ቀን ሁሉም ይቆማሉ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት የሚቆም የለም።

ይህን የምጽፈው የእኔን ኑዛዜ ለማሰማት ብቻ አይደለም። በኪነት መድረክም ሆነ በሌላው የሥራ ዘርፍ ሂስ የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ስሕተቱ በታየበት ሰው ላይ ነው። የታየበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመው ነው፤ ከእርሱ በኋላ ማንም ስለሌለ ኳሷ በእርሱ እጅ ትቀራለች። ሂስን ከውግዘት የሚለየው አንድ ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በፊት ምን ነበር? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። ደብተርና እርሳስ የያዘች አንዲት ደጋፊ ጠይቃዋለች። የሚከብደው መልሱ ወደ ጠያቂው የተመለሰ እንደሆነ ነው።

ዛሬ በልምምድ ላይ አንድ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት ወዲያው አልናገርም። ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ገልጬ እመለከታለሁ። አንዳንድ ጊዜ የራሴን ስርዝ አገኛለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ምንም አላገኝም፤ በዚያን ጊዜ ተዋናዩን እወቅሰዋለሁ፤ እርሱም ይቀበለኛል።

ወንድሜ በየዓመቱ በታኅሣሥ መባቻ ገደማ ስልክ ይደውላል። ከ2020 እስከ 2024 ዋንጫውን አምስት ጊዜ በተከታታይ አውሮፓ ስለ ወሰደች ደስታው ወሰን አልነበረውም። ማን እንደ ሳተ ሊነግረኝ ሲጀምር አስቆመውና፣ «ነጯ ኳስ የት ቆመች?» እለዋለሁ። እርሱም ይሥቃል፤ ከዚያም ከስድስት ቁጥር ጀምሮ ይተርክልኛል። በአንድ ወቅት እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየችና ምን እንደምንነጋገር ጠየቀችኝ። አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያ ያን ጊዜ ልጁ እውነቱን ነበር?» አለችኝ።

«እውነቱን ነበር» አልኳት።

«ታዲያ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ምን ታይ ነበር?»